ውሃ የጠማው ብስኩት

መሥሪያ ቤት «እትዬ ፍም» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት የላቦራቶሪው ኃላፊ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ከሴራሚክ ፋብሪካ ለቃ ወደ ምርምር ማዕከሉ በገባች ሰሞን የምድጃው የሙቀት መለኪያ ድንገት ተበላሸ። ሁሉም ሲራወጥ እሷ ጎንበስ ብላ በመመልከቻው ቀዳዳ አየችና «ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ገደማ ነው፤ ገና ብርቱካን ነው፣ አልነጣም» አለች። ሌላ መለኪያ ተፈልጎ ሲገባ የሳተችው በሃያ ዲግሪ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ኃላፊው ራሱን እየነቀነቀ «ይቺ ሴትዮ ከፍም ጋር ነው ያደገችው» አለ። ስሙ በዚያው ጸና፤ የእናት አባቷን ስም የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው።

የፍም ሥራ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ነጭ ዱቄቶችን እስከ ሚሊግራም ድረስ መዝና ትቀላቅላለች፣ ትፈጫለች፣ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ከታ በመጭመቂያ ትጨምቃለች። የሚወጣው ከካፖርት ቁልፍ የማይበልጥ ክብ ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ በላቦራቶሪው ቋንቋ «ብስኩት» ይባላል። ምድጃ ከመግባቱ በፊት በራሱ ዱቄት ትቀብረዋለች። ውስጡ ያለው ባሪየም የሚባለው ንጥረ ነገር በአንድ ሺህ አምስት መቶ ዲግሪ ላይ ብን ብሎ መጥፋት ይወዳል፤ ዙሪያውን የራሱ ዓይነት ዱቄት ሲከበው ግን አርፎ ይቀመጣል። «በዘመድ ተከቦ እንዴት ጥሎ ይሂድ?» ትላለች ፍም። ተጋግሮ ሲወጣ ጆሮዋ ሥር አድርጋ በጥፍሯ መታ ታደርገዋለች። ጥሩው «ጢን» ይላል። ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ዱፍ ብሎ ዝም ይላል፤ እሱን ማንም ሳያዛት ትጥለዋለች።

ተመራማሪዋ የራሷን ቀመር ይዛ የመጣችው ከአምስት ወር በፊት ነው። ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላት፣ ስትናገር እጇ አርፎ የማይቀመጥ ቀጭን ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን የፍም መጭመቂያ አጠገብ ቆመችና፦

«እትዬ፣ ይሄ ብስኩት ለምን እንደሆነ ነግረውዎታል?» አለቻት።

«ማን ይነግረኛል? ጋግሪ ይሉኛል፣ እጋግራለሁ።»

ልጅቷ ደነገጠች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሃይድሮጅን ከሁሉም ትንሹ ነገር ነው፣ እሺ? ኤሌክትሮኑን ሲያወልቁበት ፕሮቶን ብቻ ይቀራል። እና ይሄ ፕሮቶን እርስዎ በጋገሩት ጠጣር ነገር ውስጥ እየዘለለ ያልፋል! ሸክላ ውስጥ፣ እትዬ! ቀዳዳ በሌለው ሸክላ ውስጥ!»

«እንዴት አድርጎ?»

«ግንበኞች ተሰልፈው ጡብ ሲቀባበሉ አይተው የለ? ጡቡ ይሄዳል፣ ሰዎቹ ከቆሙበት አይነቃነቁም። እዚህ ሰዎቹ ኦክስጅኖቹ ናቸው፤ ጡቡ ፕሮቶኑ። ቅብብሉ በአምስት መቶ ዲግሪ በደንብ ከሠራልን ከሃይድሮጅን ኤሌክትሪክ የሚያወጣ መሣሪያ እንሠራለን። ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው። በጭስ ማውጫው የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው!» እጇን ስታወናጭፍ የፍምን የሻይ ብርጭቆ ከጠረጴዛው ላይ አበረረችው።

ፍም ያን ዕለት እቤት ገብታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ሠላሳ ዓመት በቧንቧ ሠራተኝነት አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። «ሸክላ ውስጥ ሰንጥቆ የሚያልፍ ነገር አለ አሉ» ብትለው፣ «ሸክላ ውስጥ? የኛ ሰፈር ቧንቧ ውስጥ እንኳ ውሃው በስንት ልመና ነው የሚያልፈው!» ብሎ ሳቀባት። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምራ ብስኩቱን ስትጨምቅ እጇ ይጠነቀቅ ጀመር። ዓይን የማያየው ተሳፋሪ የሚያልፍበትን መንገድ የምትሠራ መሰላት።

ፕሮቶኑ ምን ያህል በደንብ እንደሚያልፍ የሚነግረው የመለኪያው ቁጥር ግን አልታዘዝ አለ። በነሱ አቆጣጠር አሥር ካለፈ ብስኩቱ ለቁም ነገር ይበቃል። የልጅቷ ብስኩት በመጀመሪያው ወር ሦስት አለ። በሁለተኛው ሦስት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ በአራተኛውም ሦስት። ልጅቷ ቀመሩን ደግማ አሰላች፤ ፍም ደግማ ጋገረች። ብስኩቱ «ጢን» ይላል፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

«እትዬ፣ ምናልባት የኔ ሐሳብ ይሆናል ስህተቱ» አለች ልጅቷ አንድ ቀን፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ።

«ብስኩቱ ደህና ነው። እኔ እንጃ ሌላውን፤ ብስኩቱ ግን ደህና ነው።»

በመጨረሻ ቀን ተቆረጠ። የማዕከሉ የምርምር ኮሚቴ ሐሙስ ጠዋት ተሰብስቦ ይወስናል። ቁጥሩ እንዲሁ ከቀጠለ ቀመሩ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፤ ልጅቷም ወደ ሌላ ቡድን ተዛውራ የሌላ ሰው ሥራ ትሠራለች።

በዚህ መሐል የፍም ባል የዓይን ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና እሷ አሥር ቀን ፈቃድ ወጣች። ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት ስትመለስ፣ ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ሮጣ መጥታ ተጠመጠመችባት።

«እትዬ! ሃያ አንድ!»

«ምኑ?»

«ቁጥሩ! እርስዎ በሄዱ በስምንተኛው ቀን ተነሣ! መጀመሪያ አራት፣ ከዚያ ሰባት፣ ትናንት ሃያ አንድ! ምንም አልነካሁም፣ እምልልዎታለሁ፣ በጣቴ እንኳ አልነካሁም!»

«እኔ ስሄድለት ነዋ ደስ ያለው!» አለች ፍም እየሳቀች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሮጣ መለኪያውን አየችው። ሃያ አንድ ነጥብ አራት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት ብስኩት ጋግራለች፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ከእጇ ሲወጣ አይታ አታውቅም።

ቀኑ ሰኞ ነበር። ሰኞ ደግሞ የዶቃ ቀን ነው።

ዶቃዎቹ እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ እንክብሎች ናቸው፤ ደረቅ ሲሆኑ ሰማያዊ፣ ሲርሱ ሮዝ። ከብረቱ ቁምሳጥን ጀርባ፣ ብስኩቱ ወደሚለካበት ምድጃ በሚሄደው የጋዝ ቱቦ ላይ በተገጠመ የብርጭቆ ማጥለያ ውስጥ ይኖራሉ። የተገጠመው ላቦራቶሪው የባትሪ ዱቄት ይሠራ በነበረበት ዘመን ነው። ያኔ እርጥበት እንደ መርዝ ይፈራ ነበር። ፍም በየሰኞው ሮዝ የሆኑትን አውጥታ በትንሿ መጋገሪያ ታደርቃቸዋለች፤ ሰማያዊ የሆኑትን ትተካለች። ማንም አያያትም፣ ማንም አያመሰግናትም፤ እሷም አልነገረቻቸውም። በዚያ ሰኞ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ገብታ ስታይ አንድም ሰማያዊ ዶቃ የለም። ሁሉም ሮዝ! አፈረች። «ምነው አንድ ሰው እንኳ ቢያስብላቸው» እያለች በትኩስ ሰማያዊ ዶቃ ሞላችው።

ከምሳ በኋላ ቁጥሩ አሥራ ሰባት ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ አንድ። ልጅቷ ሽቦዎቹን ነካካች፣ መለኪያውን አጠፋች አበራች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አምስት። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት።

ኃላፊው መጥቶ አየና ትከሻው ወረደ። «ዝቅ ያለ ቁጥር ቢሆን እንኳ እንከራከርለት ነበር» አለ። «በገዛ ፈቃዱ የሚወጣና የሚወርድ ቁጥር ይዤ ኮሚቴ ፊት ልቁም? መሣሪያችሁ ተበላሽቷል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።»

ልጅቷ ማስታወሻዋን ዘግታ በላዩ ላይ እጇን አደረገች። ፍም ያን እጅ አየችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አርፎ የተቀመጠ እጅ።

ማክሰኞ ማታ እራት ቀርቦ ፍም አልበላ አለች። ባሏ በጥቁር መነጽሩ ውስጥ ሆኖ «ምን ሆንሽ?» አላት። ነገረችው። እንዴት እንደወጣ፣ እንዴት እንደወረደ።

«ቧንቧ ሲያስቸግርሽ የሚንጠባጠብበትን አትይ» አላት። «ከምንጩ ጀምረሽ በእጅሽ እየዳሰስሽ ሂጂ። እስቲ ጠረጴዛው ላይ ሥሪልኝ። ዓይኔ ባያይ እጄ ያያል።»

ፍም ፔርሙሱን አቆመች፣ የውሃ ብርጭቆ አስከተለች፣ ከዚያ የጨው ዕቃውን፣ መጨረሻ ላይ ድስቱን። ባሏ እጁን ፔርሙሱ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጋዙ ሲሊንደር። ደረቅ ጋዝ ነው።»

«እሺ። ቀጥሎ?»

«ውሃ ያለበት ጠርሙስ። ጋዙ በውሃው ውስጥ እየተንቡለቡለ ያልፋል። ልጅቷ ናት ያስገባችው፤ ጋዙ መሄዱን በአረፋው ለማየት ነው። ድሮም ለባትሪው እንዲህ ያለ ዘይት የያዘ ጠርሙስ ነበረን።»

«ታዲያ ውሃ ከሆነ ጋዙ ራሰ አይደል?»

«ትንሽ ይርሳል።»

«ቀጥሎ?»

«ዶቃዎቹ።»

«እነሱስ ምን ይሠራሉ?»

«ያደርቁታል።»

የባሏ እጅ ጨው ዕቃው ላይ ቀረ። ከዚያ ሳቁ ከሆዱ መጣ። «አንቺ ሴትዮ! ልብሱን ትነክሪዋለሽ፣ ጨምቀሽ ፀሐይ ላይ ታሰጪዋለሽ፣ ከዚያ ድስት ውስጥ ትከቺዋለሽ? ለመንከሩ ምን አደከመሽ?»

«አትሳቅ፣ ዓይንህ!» አለችና ራሷ ግን እንደ ድንጋይ ደረቀች። ጣቷን መቁጠር ጀመረች። ዶቃዎቹ አንድ ሳምንት ይቆያሉ። ከመጨረሻው ሰኞ ወዲህ ሁለት ሳምንት አልተነኩም። ቁጥሩ የተነሣው በስምንተኛው ቀን ነው። ሰኞ ረፋድ ላይ ቀየረቻቸው፤ ከምሳ በኋላ ወረደ።

ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። «ውሃው ነው!» አለች ቆማ። «ልጅቷ ያስገባችው ለአረፋው አይደለም! ብስኩቱ ውሃውን ይፈልገዋል! ጠምቶት ነው! አራት ወር ሙሉ ውሃ ጠምቶት ነው ዝም ያለኝ!» ባሏን በሁለት እጇ ጉንጩን ይዛ ሳመችው፤ መነጽሩ ተጣመመ።

ደስታው አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየ። ወንበሩን አንሥታ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «አራት ወር» አለች። «የከለከልኩት እኔ ነኝ።»

ባሏ መነጽሩን አስተካከለ። «ነገ ማልደሽ ግቢና ማጥለያውን አውጪው። ማን ያየሻል? ቁጥሩ ይነሣል፣ ሁሉም ይደሰታል።»

ፍም ይህን አሰበችበት። እውነት ለመናገር በደንብ አድርጋ አሰበችበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ስሟ በክፉ አልተነሣም። ግን ልጅቷ ኮሚቴ ፊት ቆማ ታየቻት። ለምን ወጣ? ሲሏት፣ አላውቅም። ለምን ወረደ? አላውቅም።

«አይሆንም» አለች። «ምክንያቱን ካልያዘች ቁጥሩ ምን ይረባታል?»

ባሏ ተነሥቶ እየዳሰሰ ሄዶ ከሣጥኑ ትንሿን መፍቻ አመጣላት። «እንግዲያው ቆርጠሽ አታውጪው። ማለፊያ ሥሪለት። ባለ ሦስት አፍ ቫልቭ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ። ሲያሻሽ በዶቃው፣ ሲያሻሽ በጎን ይለፍ። የሚያምነውም የማያምነውም ራሱ አዙሮ ይየው።»

ረቡዕ ማለዳ ማንም ሳይገባ ፍም እጇን ሲሊንደሩ ላይ አሳረፈችና ተነሣች። ከሲሊንደሩ ወደ ጠርሙሱ። ከጠርሙሱ ወደ ቁምሳጥኑ ጀርባ። ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ዳሰሰች። ውሃ፣ ዶቃ፣ ምድጃ። ልክ እንደ ጨው ዕቃው።

ልጅቷ ስትገባ ፍም መሐል ወለል ላይ ቆማ ጠበቀቻት። የዶቃዎቹን ነገር አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ልጅቷ አፏን ከፍታ ሰማች፤ ከዚያ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ገባች። ስትወጣ ፀጉሯ አቧራ ለብሷል።

«ከውሃው በኋላ ነው» አለች በሹክሹክታ። «እትዬ፣ ከውሃው በኋላ ነው ያለው!»

«አዎ።»

«ብስኩቱ ውስጥ ባዶ ቦታዎች አሉ። እንፋሎቱ ሲገባ እዚያ ይቀመጣል፤ ፕሮቶኑን ይዞልን የሚመጣው እሱ ነው! እንፋሎት ከሌለ ጡቡ የለም፣ ግንበኞቹ ባዶ እጃቸውን ነው የተሰለፉት!» ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ታልቅስ ትሳቅ አይለይም ነበር። «ይሄን ነገር አልነገርኩዎትም፣ አይደል? ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ!»

«እኔም አልጠየቅኩሽ፣ የኔ ልጅ።»

ኃላፊው ተጠርቶ መጣ። ሰምቶ ሲጨርስ ግንባሩ ተቋጠረ። «ማነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?»

ፍም የቁምሳጥኑን በር ከፈተች። ከበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ቢጫ በሆነ ፕላስተር ተይዞ፣ አንድ የቆየ ወረቀት ተለጥፏል። *ከዚህ ወደ ምድጃ አንዲት ጠብታ እርጥበት እንዳታልፍ። ዶቃው በየሳምንቱ ይቀየር።* ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ጠጋ ብሎ አነበበ።

«የኔ ጽሑፍ ነው» አለ።

«የርስዎ ነው ዶክተር። እጁ ግን የኔ ነው። ዘመኑ ሲቀየር ልጠይቅዎ ይገባ ነበር።»

«እኔስ? ባትሪውን ስንተው ወረቀቱን ማንሳት የማን ሥራ ነበር?» ወረቀቱን ሊገነጥለው እጁን ዘርግቶ ተወው። «ይልቅ ምን ትጠብቂያለሽ? ቫልቭ ከመሳቢያው አምጪ!»

ፍም የባሏን መፍቻ ከቦርሳዋ አወጣች። ልጅቷ መብራት ያዘችላት፣ ኃላፊው በጉልበቱ ተንበርክኮ ቱቦ አቀበላት። አምስት ሰዓት ላይ ተገጠመ። ፍም ቫልቮቹን ወደ ጎን አዞረችና ጋዙ ዶቃዎቹን ትቶ ነጎደ።

«ሦስት» አለች ልጅቷ መለኪያው ፊት። «ሦስት። ሦስት ነጥብ አንድ። ሦስት ነጥብ አምስት… አራት! እትዬ፣ አራት!»

ከጎረቤት ክፍል ሰው መጣ። ስድስት ሲባል ሌላ መጣ። ዘጠኝ ሲባል ሁሉም ወደ መለኪያው ተጠጋ። አሥር ሲሞላ ልጅቷ ቁጥሩን መጥራት አቅቷት በጣቷ ብቻ አሳየች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሃያ ሁለት ሆነ፤ እዚያው ረጋ።

ይሄኔ ኃላፊው ድንገት ወደ ፍም ዞረ። «ቆይ፣ ቆይ። አራት ወር ሙሉ አንድም ሳምንት አላሳለፍሽም?»

ፍም ደነገጠች። «አንድም። ከፈቃዴ በቀር።»

«እንግዲያው አራት ወር ሙሉ፣ ያለ አንድ መዛነፍ፣ የደረቀ ጋዝ ልኬት አለን ማለት ነው! በእርጥቡ ሃያ ሁለት፣ በደረቁ ሦስት! የሚያልፈው ከውሃው የመጣ ፕሮቶን ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር እናምጣ? አስቤ ባዝዝሽ እንኳ እንዲህ አድርጎ የሚያደርቅልኝ ሰው አላገኝም ነበር!»

«ታዲያ በጥፋቴ ልታመሰግኑኝ ነው?» አለች ፍም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ሳቀ።

ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው በስብሰባ አዳራሹ አልተቀመጠም፤ ልጅቷ እየጎተተች ላቦራቶሪ አመጣቻቸው። ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው ሽበታም፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ልጅቷ አስረዳች፤ እጆቿ እንደገና አየሩን ይቀዝፉ ነበር። ሰብሳቢው ቁጥሩን አየና «ሰሞኑንም ወጥቶ ወርዶ ነበር አሉ» አለ።

«አሁን ግን የሚወርደው ስናዝዘው ነው» አለች ልጅቷ። «እትዬ፣ ያውርዱልን።»

የሁሉም ዓይን ፍም ላይ አረፈ። ፊቷ ጋለ። ከቁምሳጥኑ ጎን ቆማ ቫልቮቹን ወደ ዶቃው አዞረች። ሻይ ቀረበ። ሻዩ ተጠጥቶ ሳያልቅ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፤ ሃያ፣ አሥራ አራት፣ ስምንት። ረፋዱ አልቆ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ሦስት ተኩል። ሰብሳቢው ሻዩን ረስቶታል። ተነሥቶ ወደ ፍም መጣና እጁን ዘረጋ።

«ልሞክረው?»

ፍም እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው አጠገቧ ቆሞ አያውቅም። ቢሆንም ቫልቩ የሷ ነው። «ቀስ ብለው ያዙሩ፣ አያጥብቁት» አለችው። «ግማሽ ዙር ብቻ። የኋለኛውን ደግሞ እንዲሁ።»

ሰብሳቢው እንደታዘዘው አዞረ። ከዚያ ወደ መለኪያው ሄዶ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። አራት። አምስት። ሰባት።

«ወጣ!» አለ ሽማግሌው ዘወር ብሎ፣ ያ የማይፈታ ፊቱ ተፈትቶ። «ኧረ እኔ ነኝ ያወጣሁት! ተመልከቱ፣ ዘጠኝ!» አሥር ሲያልፍ በእጁ ጠረጴዛውን መታ። «ይቀጥላል። ምን ኮሚቴ ያስፈልገዋል ይሄ፣ ይቀጥላል!»

ልጅቷ ኃላፊውን አቀፈች፤ ኃላፊው በበኩሉ ያገኘውን ሁሉ ይጨብጥ ነበር። ፍም በዚያ ጫጫታ መሐል ጠርሙሱን አየችው፤ ውሃው ጎድሏል። ከመደርደሪያው የተጣራ ውሃ አውርዳ፣ ጎንበስ ብላ፣ እስከ ምልክቱ ድረስ ሞላችው። አረፋው እንደገና ተንቡለቡለ።

«ጠጣ» አለችው ማንም በማይሰማው ድምፅ።